«ግን» የሌለበት ይቅርታ፦ ከተጣላችሁት ሰው ደጅ የሚያደርስ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ለማግኘት መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም። የአርባ አራት ታቦት ከተማ ትባላለች። ሌሊት የቅዳሴው ድምፅ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ይቀባበላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ያልረገጥኩት ደጀ ሰላም የለም ማለት ይቻላል። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ደግሞ አዘዞ ነው። ከፒያሳ በታክሲ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሁሉንም ታቦት ደጅ ስስም የእሱን ደጅ አልረገጥኩም።

ጠቡ እንዲህ ነው። ባጃጅ ሊገዛ 60 ሺህ ብር ጎደለው። አበደርኩት። በስድስት ወር እመልሳለሁ አለ። አልመለሰም። ቆይቶ ስልክ ማንሣትም አቆመ። ይሄ የእሱ ጥፋት ነው። የእኔን ስሙ ደግሞ። አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ የሰፈር ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «ወንድሜኮ ሌባ ነው» አልኩ። ለካ ከኋላዬ ቆሟል።

ስለዚህ ይቅር ባይም ይቅርታ ጠያቂም ሆኜ ነው የማውቀው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ነገር በተገላቢጦሽ ሠርቼዋለሁ። እናንተ ከእኔ ስሕተት ተማሩና መንገዱን አሳጥሩ።

ከሁሉ በፊት፦ የተጠራው ማነው?

«መጠራት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቅስና ወይም ምንኩስና ነው። ጎንደር የሊቃውንት አገር ስለሆነች ድጓውም አቋቋሙም አብሮ ይመጣብናል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን እስር ላይ ሆኖ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ እንደ ተጠራችሁበት መጠራት ኑሩ ብሎ ከለመናቸው በኋላ የቆጠረላቸው ሌላ ነው። ትሕትና፣ የዋህነት፣ ትዕግሥት፣ እርስ በርስ በፍቅር መቻቻል (ኤፌ. 4፥1-3)። ይሄ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጠዋም፣ የእኔም ሥራ ነው። ማምለጫ የለውም።

ቃሉ ራሱ ደግሞ ሥራውን ይነግራችኋል። «ይቅር» ማለት አይምጣ፣ አይከተለን፣ እዚያው ይቅር ማለት ነው። በግዕዙ «አቡነ ዘበሰማያት» ላይም «ኅድግ ለነ አበሳነ» ነው የምንለው። ተውልን ማለት ነው። ዕዳን መተው የሚወሰን ነገር ነው። ልባችሁ እስኪሞቅ ድረስ የምትጠብቁ ከሆነ ብዙ ትጠብቃላችሁ። የእኔ ልብ እኔ ከሄድኩ ከወራት በኋላ ነው ቀስ ብሎ የደረሰብኝ።

አንድ፦ በደሉን ከሆዳችሁ አውጡና ወረቀት ላይ አስቀምጡት

ሆድ ውስጥ ያለ በደል ያብጣል። አንድ ጊዜ የተባለው «ሁልጊዜ ይለኛል» ይሆናል። አንድ ሰው ያደረገው «እነሱ ዘራቸው እንዲህ ነው» ይሆናል። ስለዚህ እስክሪብቶ አንሡ። ሁለት ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

በአንደኛው ላይ እሱ ያደረገውን ጻፉ። የሆነውን ብቻ። «ከዳተኛ ነው» አይጻፍም፤ እሱ ስም መስጠት ነው። «60 ሺህ ብር ወስዶ በቀኑ አልመለሰም፤ ስልኬን አላነሣም» ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ ያ ነገር ምን እንዳጎደለባችሁ ጻፉ። እኔ ብሩ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስጽፈው የባሰው ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ እንደ ሞኝ ተቆጠርኩ ብዬ ነው የተናደድኩት።

በሁለተኛው ላይ እናንተ ያደረጋችሁትን ጻፉ። ይሄኛው ወረቀት ባዶ ከሆነባችሁ አንድ ቀን አሳድሩትና እንደገና ሞክሩ። አንዳንዴ እውነትም ባዶ ነው። በልጅነቱ የተበደለ ሰው፣ ያለ ጥፋቱ የተደበደበ ሰው ባዶ ወረቀት ቢይዝ ሐቁ ነው፤ ጥፋት ፈልጎ እንዲያመጣ ማንም ሊያስገድደው አይገባም። የእኔ ግን ባዶ አልነበረም። «ሰው ፊት ሌባ አልኩት» የምትለዋን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ። ነገሩ ካለቀ በኋላ ቅደዱት።

ሁለት፦ የውሸት ይቅርታዎችን ለዩ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እኛ ጋ ይቅርታ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች ሞልተዋል።

የመጀመሪያው «ለሥላሴ ሰጥቼዋለሁ» ነው። ሲሰሙት መንፈሳዊ ነው። ትርጉሙ ግን ብዙ ጊዜ «እኔ አልችለውም፣ እነሱ ይድፉልኝ» ነው። በቀሉን በውክልና መስጠት ማለት ነው። ሰውየው ታመመ ሲባል ደስ ካላችሁ፣ የሰጣችሁት ለፍርድ ነበር። እኔ የወንድሜ ባጃጅ ተገልብጣ ተጎዳች ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱ መትረፉን አልነበረም። ሥላሴ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛው «ረስቼዋለሁ» ነው። የረሳ ሰው ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነለበሰው ልብስ አይተርክም።

ሦስተኛው «እኔ ማንንም አልቀየምም፣ ብቻ እንዳይመጣብኝ» ነው። ይሄኛው ውስብስብ ነው። አንዳንድ ሰው ደኅንነቱን ለመጠበቅ መራቅ አለበት። መራቅና መቀየም አንድ አይደሉም። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ያ ሰው ችግር ላይ ወድቆ እርዳታ ቢፈልግ፣ በሌላ ሰው በኩል ትረዱታላችሁ? አዎ ካላችሁ ርቀቱ ጥበቃ ነው። አይ ካላችሁ ቂም ነው።

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። ሳል ሌባውን እንደሚያስይዘው ቂምም ጸሎታችሁን ያስይዘዋል። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፤ ግራ ቀኝ እጅ እንነሣለን። ወንድሜ ለበዓል እኛ ደብር ሲመጣ እኔ እሱ የማይታየኝ ዓምድ ጀርባ እቆም ነበር። ለሁለት ዓመት ቦታ መረጥኩ።

ሦስት፦ ለንስሐ አባታችሁ የራሳችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ

ሁለተኛውን ወረቀት ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ንስሐ ገባን ብለን የሌላውን ሰው ኃጢአት ነው የምንናዘዘው። የእኔ የንስሐ አባት አሥር ደቂቃ ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ የወንድምህን ሰማሁ፤ እሱ ሲመጣ እፈታዋለሁ። አንተስ?» አሉኝ። ጨዋታው እዚያ ላይ አለቀ።

የንስሐ አባት ከሌላችሁ ከምትቀርቡት አጥቢያ ካህን ጠይቁ። ንግግራችሁን አሳጥሩ። የተሰጣችሁን ቀኖና፣ ስግደትም ይሁን ጾም ወይም ምጽዋት፣ ሳትደራደሩ ፈጽሙ። ታረቅ ከተባላችሁ ደግሞ ስግደቱን ጨርሳችሁ ዕርቁን አትዝለሉት። ስግደቱ እንደሚቀል እኔም አውቃለሁ።

አራት፦ በክርስትና ስሙ ጸልዩለት

የተጣላችሁትን ሰው የክርስትና ስም ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ጠይቁ። በክርስትና ስሙ ስትጠሩት ነገሩ ይለወጣል። የባጃጁ ባለዕዳ ቀርቶ እንደ እናንተ በአርባ ቀኑ የተጠመቀ ሕፃን ይመጣባችኋል።

የምትጸልዩት «ልቡን መልስልኝ» ብላችሁ አይደለም። እሱ አሁንም የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ጤና ስጠው፣ ልጆቹን አሳድግለት፣ ሥራውን ባርክለት በሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አፋችሁ ብቻ ነው የሚናገረው። ግድ የለም። እኔ የጀመርኩት በጽጌ ጾም ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር 6፣ እስከ ቁስቋም በዓል ድረስ። በየቀኑ አንድ ደቂቃ። ምናልባት በሦስተኛው ሳምንት ይሆናል፣ «ሥራውን ባርክለት» ስል ባጃጇ ትዝ አለችኝና ሳቄ መጣ። ከጠቡ ወዲህ እሱን አስቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጎብኚ እዚሁ ጎንደር ወዳለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው ጣራውን ነው። የመላእክቱ ፊቶች እውነትም ልብ ይሰርቃሉ። እናንተ ግን ወደ መቅደሱ ዙሩና ከመግቢያው በላይ ያለውን ሥዕለ ስቅለት እዩ። «የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ሲል ከሰቃዮቹ ማን ይቅርታ ጠይቆት ነበር? ማንም። ይቅርታ፣ በዳዩ መጥቶ እስኪለምን የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ ያ ቃል ባልተነገረ ነበር።

አምስት፦ ማን ይሂድ?

እኛ አገር ዕርቅ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። «እሱ ነው ያጠፋው፣ እሱ ይምጣ።» «እኔ ታላቅ ነኝ፣ እሱ ይምጣ።»

ወንጌሉን ተመልከቱት። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የሚቀየምብህ ነገር ትዝ ቢልህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ ይላል። የበደልከው አንተ ነህ፤ ሂያጁ አንተ ነህ። ምዕራፍ 18 ላይ ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። የበደለው እሱ ነው፤ ሂያጁ አሁንም አንተ ነህ። በሁለቱም ሂድ የተባለው የሚያነበው ሰው ነው። ሁለቱም ወንጌል አንባቢ ከሆኑ መንገድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ስድስት፦ ብቻችሁን፣ በአጭሩ፣ ያለ «ግን»

ቀን ምረጡ። የገበያ ቀን አይሁን፤ ሰው ይቸኩላል። በለቅሶ ወይም በድግስ መሀል አይሁን፤ ሰው ያያል። ቀምሳችሁም አትሂዱ። ጠጅ ያስታረቀውን ጠጅ ያጣላዋል። ጥሩ የሚባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ነው። ባዶ እጃችሁን ላለመግባት ትንሽ ስኳር ወይም ቡና ያዙ። ትልቅ ስጦታ ግን አትውሰዱ፤ ጉቦ ይመስላል።

አሁን ንግግሩ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ይቅርታ አያ፣ ለቅሶ ቤት የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ ግን አንተም ብሩን ብትመልስ ኖሮ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። በሩ ተዘጋ። ስኳሩ እጄ ላይ ቀረ።

«ግን» ከሷ በፊት ያለውን ሁሉ ትበላዋለች። ይቅርታ ስትጠይቁ የሚያስፈልጓችሁ አራት ነገሮች ናቸው። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩ። ምን እንዳደረሰበት ተናገሩ። ጥፋቱን የራሳችሁ አድርጉ። ከዚያ ለምኑ። «አያ፣ ሰው ፊት ሌባ ብዬሃለሁ። በሰፈርህ አዋርጄሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።» በቃ። ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ምላሳችሁን ያዙ። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» አይባልም፤ ማስቀየማችሁን እያወቃችሁ ነው የሄዳችሁት።

ስለ ብሩ በዚያ ቀን አንዲት ቃል አትናገሩ። ሌላ ቀን አለው።

የበደላችሁትን ሳይሆን የበደላችሁን ለመናገር ከሆነ የሄዳችሁት፣ ከአንደኛው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። «ስልኬን ሳታነሣ ስትቀር አዘንኩ» ይበቃል። የአሥር ዓመት ዶሴ ይዛችሁ አትግቡ።

ሰባት፦ እምቢ ካለ ሽማግሌ

ወንጌሉም ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል። ይሄን እኛ ከማንም በላይ እናውቅበታለን። ዋናው ምርጫው ነው።

የእናንተን ወዳጆች አትሰብስቡ። እሱ የሚያከብራቸውን ፈልጉ። ሦስት ሰው በቂ ነው። አንድ መስቀል የያዙ ካህን፣ አንድ ጎረቤቱ የሆነ ቁም ነገረኛ ሰው፣ አንድ የሁለታችሁም ዘመድ። ሽማግሌ ሲባል ወንድ ብቻ የሚመስለው አለ። የእኛን ነገር የቋጨችው ግን አክስታችን ናት። መምሬ ጥቅስ ሲጠቅሱ ወንድሜ መሬት መሬት ያይ ነበር። እሷ «እናታችሁ ሁለታችሁንም ያዘለችበት አንቀልባ እኔ ጋ ነው፤ ለማንኛችሁ ልስጥ?» ስትለው ነው ዐይኑ እንባ ያቀረረው።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ይቆማሉ። ተቀመጡ ሲባሉ «ይቅር ለእግዚአብሔር ካላልከን አንቀመጥም» ይላሉ። የወግ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ አቁሞ የሚያስቀር ሰው በእኛ አገር ብዙ የለም። ከተቀመጡ በኋላ ተራ በተራ ይሰማል። ሌላው ሲናገር «ውሸት ነው» ማለት ክልክል ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ብዬ ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ስድቡ ሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን ተባለ። ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ አደባባይ የተሰበረ ስም አይጠገንም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ወንድሜን ሌባ ብዬዋለሁ፤ የተናገርኩት ስድብ ነው፤ እሱ ሌባ አይደለም» አልኩ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እሱ ደግሞ ብሩን በየወሩ 2 ሺህ እየከፈለ በ30 ወር እንዲጨርስ ተወሰነ። ተጻፈ፣ ሁለታችንም ፈረምን። ከዚያ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቃናኝ። መስቀሉን ተሳለምን። ከአንድ መሶብ በላን።

ብሩ ለምን አልቀረለትም የሚል ይኖራል። ይቅርታና ዕዳ ሁለት ነገር ናቸው። ዘኬዎስ ኢየሱስን በቤቱ የተቀበለው በደስታ ነው፤ ቢሆንም የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ዕዳውን መተው ከቻላችሁ ተዉ፤ ያስመሰግናል። እኔ የቤት ኪራይ ስለነበረብኝ አልቻልኩም። አቅማችሁ ያልፈቀደውን ትታችሁ በየወሩ ጥርሳችሁን ከምታፋጩ፣ በግልጽ ተነጋግራችሁ ብትቀበሉ ይሻላል።

ይህ መመሪያ የማይሆንበት ቦታ

የፈሰሰ ደም ካለ ይሄ ጽሑፍ አይበቃም። በገጠሩ ደም የሚደርቅበት የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ሽማግሌ አለው። ያም ቢሆን የሕግን ቦታ አይተካም። ባለፉት ዓመታት ጦርነቱ በየቤቱ ገብቷል። ልጇን ላጣች እናት «በስምንት ደረጃ ይቅር በይ» የሚል ነገር እኔ አልጽፍም። አጠገቧ ተቀመጡ። ውሃ ቅዱላት።

የምትደበደብ ሴት ደግሞ አለች። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው፣ ይቅር በይ» እያሉ ወደ ዱላው የሚመልሷት ሽማግሌዎች አሉ። ይሄ ዕርቅ አይደለም። መጀመሪያ ከዱላው ትውጣ፣ ሕግም ይወቀው። ይቅርታዋን በራሷ ጊዜ፣ ከሩቅም ሆና ትስጥ።

ስምንት፦ ከዕርቅ ማግስት

ብዙ ሰው ዕርቅ በመሶቡ ያለቀ ይመስለዋል። ቁስል ሲድን ያሳክካል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የድሮው ነገር ሌሊት ይመጣባችኋል። ያን ጊዜ ይቅርታዬ ውሸት ነበር ብላችሁ አትደንግጡ። እንደገና «ይቅር» በሉ። ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜ ብሎ ሲጠይቅ ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው፣ አንዳንዴ ለአንዷ በደል ብቻ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የተታረቃችሁበትን ነገር በቀልድም አታንሡ። በተለይ በቀልድ። ሦስተኛ ሰው «እሱኮ ያኔ...» ሲል ወሬውን ቁረጡ። የመጀመሪያዎቹን ወራት የምትገናኙበት ቋሚ ነገር ይኑራችሁ። እኛ የእናታችንን የማኅበር ጽዋ ተረከብንና በወር አንዴ አንድ ላይ እንጠጣለን። ባንነጋገርም እንተያያለን። ገንዘቡ በሚገባበት ቀን ካልገባ ሁለት ቀን ጠብቄ «ደኅና ነህ?» ብዬ እደውላለሁ። ብሩን አልጠራም። ይገባዋል።

አሥራ አንደኛውን ወር ከፍሏል። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ በጠዋት ደወለ። የባጃጇ የፊት ጎማ አዘዞ መንገድ ላይ ፈንድቶበታል። «ትንሽ ብር ብታበድረኝ...» አለና ራሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

«ብድር የለም» አልኩት። «ጎማውን እኔ ገዝቼ እመጣለሁ። ስጦታ ነው።»

«የበፊቱስ?» አለኝ።

«የበፊቱማ ገና 19 ወር ይቀርሃል።»